ምዕራፍ 7፦ ጥላሸትን በድምፅ መሰብሰብ

የአፈር ወለል ባለው ቤት ያደገ ሰው ደረቅ ወለል አይጠርግም። መጀመሪያ በጣሳ ውሃ ይይዝና ጣቶቹን እየነከረ ከደጃፍ እስከ ጓዳ ይረጫል። ከዚያ ጥቂት ይታገሣል። አፈሩ ጠቆር ሲል፣ ያ የእርጥብ መሬት ሽታ ብቅ ሲል ነው መጥረጊያ የሚነሣው። ሳይረጭ የጠረገ ልጅ ቤት አላጸዳም፤ አቧራውን ከወለሉ አንሥቶ ወደ ሊጡ፣ ወደ አልጋ ልብሱና ወደ ገዛ አፍንጫው አዛወረው እንጂ። እኔ ይህን ጥፋት ስንት ጊዜ እንደሠራሁ እናቴ ትመስክር።

ልብ በሉ፤ ውሃው አቧራውን አላጠፋውም። ከወለሉ ላይ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልቀነሰም። ያደረገው ነገር ቢኖር ደቃቁን ከደቃቁ ማጣበቅ ነው። ለብቻው ሆኖ ከመጥረጊያው ጭራ የሚያመልጠው ብናኝ ሲተቃቀፍ ይከብዳል፤ ሲከብድ ይያዛል። ማጽዳቱ የመጥረጊያው ሥራ ነው፤ የውሃው ሥራ ማሰባሰብ ብቻ ነው።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ይኸው ነው፤ በወለሉ ቦታ የናፍጣ ሞተር ጭስ መውጫ፣ በውሃው ቦታ ደግሞ ድምፅ ሲተካ ምን ይሆናል?

ጥቁሩ ነገር ከየት መጣ

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ አሮጌ ሚኒባስ ተከትሎ የሄደ ሰው ስለ ናፍጣ ጭስ ማብራሪያ አያሻውም። ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ሲረግጥ ማርሚታው ጥቁር ይተፋል። በግራና በቀኝ ደግሞ ነጭ የሀበሻ ቀሚስና ጋቢ ከፊት ለፊታቸው የሰቀሉ ሱቆች አሉ። ሻጮቹ የላይኛውን ልብስ በላስቲክ የሚሸፍኑት ለዝናብ ብቻ አይደለም።

ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመኗ አውግስቡርግ ሠርቶ ያሳየው ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን አጥብቆ ይጨምቃል፤ አየር ሲጨመቅ ይግላል፤ ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ሲረጭ ራሱን በራሱ ያቀጣጥላል። ያ ሞተር ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ፤ ለዘመኑ ይህ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። የጭነት መኪና፣ መርከብና ጀነሬተር እስከ ዛሬ ናፍጣን ያልተዉት በዚሁ ቁጥብነቱ ነው።

ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ናፍጣውና አየሩ ለመቀላቀል የሚያገኙት ጊዜ ከሴኮንድ ሺኛ የሚቆጠር ነው። የርጭቱ ዳርቻ አየር አግኝቶ ይነድዳል፤ መካከሉ አየር አጥሮት ያርራል እንጂ አይነድድም። ኩራዝ ክሩ ከልኩ በላይ ሲወጣ ጣሪያውን የሚያጠቁረው በዚሁ ምክንያት ነው። የናፍጣ ሞተር በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ ክሩ የረዘመ ኩራዝ ነው ቢባል ብዙም ስሕተት የለውም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የሚብስበት ሌላ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚህ አንድ ሊትር አየር ከጅቡቲ ወደብ አንድ ሊትር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀልላል፤ ያም ማለት የያዘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ከወደቡ ሽቅብ የሚመጣ ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ፖምፓው ለቆላ እንደተስተካከለ ከሆነ፣ ደጋ ሲደርስም ያንኑ ናፍጣ ይረጫል፤ አየሩ ግን ጎድሏል። የተረፈው ናፍጣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ የምናየውን ጭስ ሁሉ በሹፌሩ አነዳድ ላይ መለጠፍ ልማዳችን ነው፤ ግማሹ ጥፋት የከፍታው ነው።

አሁን ጭሱን ጠጋ ብለን እንየው። አንዲት የጤፍ ፍሬ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። አንድ ተራ የናፍጣ ጥላሸት ቅንጣት አንድ አሥረኛ ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። በጤፏ ፍሬ ጀርባ ላይ ብንደረድራቸው 10,000 ያህል ቅንጣቶች ከዳር እስከ ዳር ይሰለፋሉ። ቅንጣቷም ራሷ ድፍን አይደለችም፤ ከ20 እስከ 30 ናኖ ሜትር የሚሆኑ ጥቃቅን የካርቦን ኳሶች እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው የሠሯት ናት። ከሞተሩ በቀጥታ በሚወጣ ጭስ ውስጥ በአንዲት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ስኳር ኩብ ያህል በሚሆን ቦታ፣ 10 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይገኛሉ።

ትንሽነታቸው ነው አደገኛ ያደረጋቸው። ትልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ ሳል ያወጣዋል። እነዚህ ግን እስከ ሳንባ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃሉ። ሊዮን ላይ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በሰኔ 2012 እ.ኤ.አ. የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል፤ ትምባሆና አስቤስቶስ ካሉበት መደብ ማለት ነው።

የማር እንጀራው

አንባቢ እዚህ ላይ፣ «ታዲያ ፊልትሮ የለም እንዴ?» ቢል እውነት አለው። አለ፤ ጥሩም ነው። የሴራሚክ ፊልትሮ የማር እንጀራ ይመስላል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት፤ አንዱ ቀዳዳ በፊት በኩል ሲደፈን ጎረቤቱ በኋላ በኩል ይደፈናል። ጭሱ በአንዱ ገብቶ መውጫ ሲያጣ ግድግዳውን ሰርስሮ ወደ ጎረቤቱ ያልፋል፤ ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፔዦ 607 ይህን ፊልትሮ ከፋብሪካ ይዞ ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ደንብ እየጠበቀ ሄዶ ለአዲስ የናፍጣ መኪና ሁሉ የማይቀር ሆነ። ደኅና የሚሠራ ፊልትሮ ከ100 ቅንጣት አምስቱን እንኳ አያሳልፍም።

ችግሩ ፊልትሮው ይሞላል። ሲሞላ የተያዘው ጥላሸት ተቃጥሎ መጥፋት አለበት፤ ለዚህም 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ያስፈልጋል። አውራ ጎዳና ላይ ለሰዓታት የሚሮጥ መኪና እዚያ ይደርሳል፤ ከሜክሲኮ ሳር ቤት፣ ከሳር ቤት ሜክሲኮ የሚመላለስ መኪና ግን ሞተሩ በቅጡ ሳይግል ቀኑ ይመሻል። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ደግሞ ማቃጠያውን ካታሊስት ያበላሸዋል። በዚህ ላይ የፊልትሮው ዋጋ አለ። በብዙ አገር ባለ መኪናዎች የተዘጋውን ፊልትሮ ሆዱን አስወጥተው ባዶ ቀፎውን መልሰው ይገጥማሉ፤ ከውጭ ለሚያየው ምንም አልጎደለም።

እንግዲህ አንዳንድ መሐንዲሶች ከአንድ ክፍለ ዘመን ገደማ ጀምሮ ሲመላለሱበት የኖሩት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ጭሱን እንዲህ በጠባብ ወንፊት ከማስጨነቅ ይልቅ ቅንጣቶቹን አስቀድመን ብናሳድጋቸውስ? ትልቅ ከሆኑ ተራ ማሽከርከሪያ በርሜል ይበቃቸዋል፤ ጭሱ በርሜሉ ውስጥ ሲሽከረከር ከባዱ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ ይወድቃል፤ የሚደፈን ነገር የለውም። ለማሳደግ ደግሞ ማጋጨት ይበቃል። ይህን ያህል ያነሰ ቅንጣት ሙጫ አይፈልግም፤ ከተነካካ ተጣበቀ ማለት ነው።

በራሳቸው ጊዜስ አይጋጩም? ይጋጫሉ። አየሩ ራሱ እያንጓለለ ወዲያ ወዲህ ስለሚያደርጋቸው ቀስ በቀስ ይገናኛሉ። ነገር ግን በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10 ሚሊዮን ቅንጣት ቢኖር፣ ቁጥራቸው በግማሽ እስኪቀንስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጭሱ በሚኒባስ ማርሚታ ውስጥ የሚቆየው የዓይን ጥቅሻ ያህል ነው። ስለዚህ የሚያጣድፍ ነገር ያስፈልጋል።

ድምፅ ሲገፋ

ድምፅ ነፋስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲመታ ከደወሉ አጠገብ ያለው አየር ተነሥቶ ጆሯችን ድረስ አይመጣም። እያንዳንዱ የአየር ቁራሽ እቦታው ላይ ወዲህና ወዲያ ይላል፤ ጎረቤቱን ይገፋል፤ የሚጓዘው ግፊቱ ነው። ይህ ውዝዋዜ በሴኮንድ 20 ጊዜ ከሆነ ወፍራም ድምፅ፣ 20,000 ጊዜ ከሆነ በጣም የቀጠነ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሰው ጆሮ አይሰማውም፤ ውሻ ይሰማዋል።

ድምፅ ብናኝን እንደሚያንቀሳቅስ በዓይን ያሳየው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አውጉስት ኩንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1866። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ዱቄት ነሰነሰና የብረት ዘንግ እየፈተገ ቱቦውን አስጮኸው። ዱቄቱ ተነሥቶ በእኩል ርቀት ትናንሽ ክምር ክምር ሠራ። ኩንት የፈለገው የድምፅን ፍጥነት መለካት እንጂ አየር ማጽዳት አልነበረም። ጭስ በሚጮኽ ቱቦ ውስጥ እንደሚሰባሰብ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው፤ ፓተርሰንና ካውድ የተባሉ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሊድስ ላይ ሲሠሩ አስተውለውት። ከአምስት ዓመት በኋላ ኮሎኝ ላይ ብራንት፣ ፍሮይንትና ሂደማን የሒሳብ መልክ ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካኖች በትልልቅ ሳይረን የጎማ ማጥቆሪያ የካርቦን ዱቄት ከሚያመርቱ ፋብሪካዎች ጭስና ከሰልፈሪክ አሲድ ጉም ላይ ሞከሩት። ሠራ፤ ግን ሳይረኑ ጉልበት ይበላል፣ ጩኸቱም አያስቀምጥም። በኤሌክትሪክ ብናኝ የሚይዙት ሳጥኖች ያንኑ ሥራ በርካሽ ሲሠሩት ሳይረኑ ወደ መጋዘን ገባ።

እኔም ለዚህ ምዕራፍ ስዘጋጅ እቤቴ ሞክሬዋለሁ። በረጅም የመስታወት ብርጭቆ ውስጥ የዕጣን ጭስ ሞላሁ፤ ስልኬን አፉ ላይ ደፍቼ ቀጭን ድምፅ ለቀቅሁበት። ጭሱ ትንሽ ተርገበገበና እንደ ልማዱ ሽቅብ ሄደ። የተሰባሰበ ነገር የለም፤ ጎረቤት ብቻ ተቆጣ። ምክንያቱን ሳሰላው ሳቄ መጣ። የስልኬ ድምፅ ቢበዛ 90 ዴሲቤል ነው። ጭስ ለማሰባሰብ 150 ዴሲቤል አካባቢ ያስፈልጋል። ዴሲቤል ደግሞ እንደ ሜትር የሚቆጠር አይደለም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ስልኬ ከሚያስፈልገው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ነበር። 150 ዴሲቤል ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዋት የሚያህል ድምፅ ነው፤ ጆሮ የሚታመመው ገና ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ፣ 120 እና 130 ላይ ነው።

በዚህ ኃይል፣ በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ሲወዛወዝ፣ እያንዳንዱ የአየር ቁራሽ 17 ማይክሮን ያህል ወዲህ፣ 17 ማይክሮን ያህል ወዲያ ይላል። ከንቱ ርቀት ይመስላል። ቀደም ባልነው የጭስ ብዛት ግን በአንዱ ቅንጣትና በጎረቤቱ መካከል ያለው ክፍተት 46 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ውዝዋዜው ሠፈር ለሠፈር የሚያደራርስ ነው ማለት ነው።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ የምዕራፉ ቁልፍም እርሱ ነው። ሰው በሞላበት አንበሳ አውቶቡስ ቆማችሁ የሄዳችሁበትን ቀን አስቡ። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ሁሉም ሰው ወደ ፊት፣ ሲለቅ ሁሉም ወደ ኋላ ይላል። ሁላችሁም እኩል ስለምትወዛወዙ ከጎናችሁ ያለው ሰው እንደ ጎናችሁ ይቆያል። አሁን መካከል ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ አስቀምጡ። ኩንታሉ ንቅንቅ አይልም። በእያንዳንዱ ፍሬን ያልተጋጨው ሰው አይኖርም። ግጭት የሚወልደው መወዛወዙ ብቻ ሳይሆን እኩል አለመወዛወዙ ነው።

ጭስም ላይ እንዲሁ ነው። በተራ አየር ውስጥ፣ በ20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 20,000 ጊዜ ሲወዛወዝ፣ አንድ አሥረኛ ማይክሮን የሆነች ቅንጣት አየሩን ሙሉ በሙሉ ተከትላ ትሄዳለች። አንድ ማይክሮን የሆነችው ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ትከተላለች። አሥር ማይክሮን የሆነችው ግን እንደ ኩንታሉ ነች፤ አየሩ ሲመላለስ እርሷ ቆማ ታየዋለች፤ ትንንሾቹም እየመጡ ይለጠፉባታል። ትንሹና ትልቁ በተደባለቀበት ጭስ፣ ለምሳሌ ከከሰል ምድጃ በሚወጣው፣ ድምፅ ግሩም ሠራተኛ ነው። የናፍጣ ጭስ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ደቂቅ ነው። ኩንታል የሌለበት አውቶቡስ ነው።

ሞተሩ ራሱ የሚጮኸው ድምፅ አይበቃም ወይ ለሚል፣ መልሱ ከዚሁ ይወጣል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር የሚተፋው ድምፅ በሴኮንድ 100 ምት ነው። በዚህ ዝግታ ባለ አሥር ማይክሮኗ እንኳ ከአየሩ ጋር አብራ ትሄዳለች። ሁሉም አብሮ ሲወዛወዝ ማንም ከማንም አይጋጭም። የሞተሩ ጩኸት ለዚህ ሥራ የማይጠቅም ወፍራም ድምፅ ነው።

ማድሪድ ላይ

ይህን ችግር ፊት ለፊት ከገጠሙት መካከል የስፔን የምርምር ምክር ቤት የአኩስቲክስ ኢንስቲትዩት ሰዎች አሉ። በሁዋን ጋዬጎ ኹዋሬስ ዙሪያ የተሰባሰቡት እነዚህ የማድሪድ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የታገሉት ከጭሱ ጋር ሳይሆን ከድምፅ ማውጫው ጋር ነው። አየር በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ከባድ ብረት ሲንቀጠቀጥበት ጉልበቱን ተቀብሎ አይወስድለትም። ውሃን በመዳፍ መምታትና ባዶ አየርን በመዳፍ መምታት እጃችን ላይ የሚሰማን ልዩነት ይህ ነው። መፍትሔው ሰፊ ሳህን ማንቀጥቀጥ ነው። ሰፊ ሳህን ግን ሲንቀጠቀጥ አንዱ ክፍሉ ወደ ላይ ሲል ሌላው ወደ ታች ይላል፤ ሁለቱ የሚያወጡት ድምፅም ይጠፋፋል።

ያደረጉት ነገር ቀላል ግን ብልህ ነው። ሳህኑን ልሙጥ ከማድረግ ይልቅ በደረጃ ቆረጡት። ወደ ታች የሚለውን ክፍል ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ድምፁ ግማሽ ሞገድ ያህል እንዲቀድም ወይም እንዲዘገይ አደረጉት፤ በ20,000 ኸርዝ ይህ ደረጃ 9 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያኔ ሁሉም ክፍል እኩል ረግጦ ይወጣል። እስክስታ የሚመታ ቡድን ውስጥ ሁሌ ግማሽ ምት የሚዘገየውን ሰው ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት አቁሞ ከሩቅ ለሚያየው እኩል ማስመሰል ዓይነት ነው።

በዚህ ሳህን መጀመሪያ የከሰል ጭስ ላይ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሙከራ ማቃጠያቸው ላይ በ10,000 እና በ20,000 ኸርዝ ድምፅ ጭሱን አስቀድመው ሲያሰባስቡት፣ ከኋላ የተተከለው የኤሌክትሪክ ብናኝ መያዣ የሚያመልጠውን ደቂቅ ብናኝ 40 በመቶ ያህል እንዲቀንስ እንዳደረገ አሳዩ። ቃሉን አስተውሉ፤ ድምፁ አስቀድሞ ያሰባስባል፣ መያዣው ይይዛል። ርጭትና መጥረጊያ ነው።

ከዚያ ወደ ናፍጣ ዞሩ። ጆሮ በማይሰማው 21,000 ኸርዝ የናፍጣ ሞተር ጭስ ላይ ድምፅ ሲለቁ የደቂቆቹ ቅንጣቶች ቁጥር በሩብ ያህል ቀነሰ። ኩንታል የሌለበት አውቶቡስ ከዚህ በላይ አልተጋጨም። ቀጥሎ ያደረጉትን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታተም ያነበብኩ ጊዜ እናቴን አስታወስኩ፤ ውሃ ጨመሩበት። ጭሱ ላይ 6 በመቶ ያህል እርጥበት ሲታከል ቅነሳው እስከ 56 በመቶ ከፍ አለ። በጣሳ የሚረጭ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ላቦራቶሪ አረጋገጠው ማለት ማጋነን ነው፤ የሁለቱ አሠራር በዝርዝሩ ይለያያል። ግን እርጥብ ነገር ሲነካካ ይበልጥ እንደሚጣበቅ ለማወቅ ዲግሪ አያሻም።

በርሜሉን ማን ይሸከመው

56 በመቶ ትልቅ ይመስላል። በጋዜጣ ርዕስ ላይ ያምራል። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ጨምሬ ነው የማየው፤ የተሰባሰበው ነገር መጥረጊያው የሚይዘው መጠን ደርሷል ወይ?

ተራ ማሽከርከሪያ በርሜል በደኅና የሚይዘው ከሁለት ማይክሮን አካባቢ ጀምሮ ያለውን ነው እንበል። አንድ አሥረኛ ማይክሮን የሆነች ቅንጣት ወደ ሁለት ማይክሮን ለመድረስ በስፋት ሃያ ጊዜ ማደግ አለባት፤ በይዘት ሲሰላ ሃያ በሃያ በሃያ፣ 8,000 ቅንጣት አንድ ላይ መጣበቅ አለበት። ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢጋቡ 13 ዙር ጋብቻ ነው። ጥላሸት ልል ስለሆነ ትንሽ ያነሰ ይበቃ ይሆናል፤ ግን ብዙ አይለወጥም። አሁን 56 በመቶውን መልሳችሁ እዩት። 100 ቅንጣት 44 ሆነ ማለት አንድ ዙር ጋብቻ ተፈጽሞ ሁለተኛው ተጀመረ ማለት ነው። ከ13 አንዱ። ደግሞም እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ይዘገያል፤ ቁጥራቸው ባነሰ ቁጥር መገናኘቱ ይከብዳልና።

ጊዜም አለ። ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ያለው ሚኒባስ በደቂቃ 2,500 ዙር ሲዞር የሚያስወጣው ትኩስ ጭስ በሴኮንድ 100 ሊትር አካባቢ ነው። አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አራት ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አይቆይም። ለድምፁ ሁለት ሴኮንድ እንስጠው ብንል 200 ሊትር የሚይዝ ክፍል ይፈልጋል። አንድ ሙሉ የነዳጅ በርሜል ማለት ነው። ያንን በርሜል፣ ድምፅ ማውጫውን፣ የሚረጨውን ውሃ፣ ድምፁን የሚመግበውን ኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻም የሚሰበስበውን ማሽከርከሪያ ይዞ እንጦጦን ሊወጣ ነው። ረዳቱ ለአንድ ተሳፋሪ ቦታ ሲያጣበብ ያየ ሰው ነገሩ እንደማይሆን ይገባዋል።

ስለዚህ ፍርዴን ልስጥ። ለሚኒባስና ለቤት መኪና ድምፅ መልስ አይደለም። እዚያ የሚጠቅመው ፖምፓውን ለከፍታው ማስተካከል፣ የተበላሸ ኖዝል መለወጥ፣ ድኝ ያነሰ ናፍጣና ከተቻለ ያ የማር እንጀራ ፊልትሮ ነው። የቤት መኪናን በተመለከተ ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ እንዳይገባ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ፊቷን አዙራለች፤ የዚያ ውጤት ለሌላ ምዕራፍ ነው።

በርሜል የማይከብደው ግን አለ። የሆስፒታል ጀነሬተር አይጓዝም። የመርከብ ሞተር ከነጭስ ማውጫው ፎቅ ያህላል፤ ውሃውም ዙሪያውን ነው። ፋብሪካ ግቢ አለው። እዚያ ድምፅ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ መያዣ ፊት ቆሞ ሲያሰባስብ ዋጋ አለው፤ የማድሪዱ የከሰል ሙከራ ያሳየውም ይህንኑ ነው። በአንድ ዙር ጋብቻ ብቻ እንኳ ለኋለኛው መያዣ ሥራ ይቀልለታል። በመብራት መቆራረጥ የተነሣ በየሕንጻው ጓሮ ጀነሬተር በተተከለባት አገር፣ ለምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ርዕስ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ በቀላሉ አይገኝም፤ ጭሱም እዚያው አለ፤ ውሃውም በጣሳ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጭስን በድምፅ የሚያጠፋ ዕቃ አመጣሁ የሚል ሻጭ አንድ ቀን ወደ ጋራዣችሁ መምጣቱ አይቀርም። ሦስት ነገር ጠይቁት። ስንት ዴሲቤል ያወጣል? ጭሱ በውስጡ ስንት ሴኮንድ ይቆያል? ከኋላው የተሰባሰበውን የሚይዘው ምንድን ነው? የመጨረሻውን ካልመለሰ ውሃ ረጭቶ መጥረጊያ ያልያዘ ሰው ነውና፣ ገንዘባችሁን ያዙ።